አረፋ የደፈቀ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም

(ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በለገጣፎ አቅጣጫ ባለ አንድ ሠፈር፣ በእሁድ የእድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ብዙም ሳይነካካ ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት አረፈዳችሁ?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ ይህን ሁሉ ጭቃ ረግጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የእድራችን ሊቀ መንበር «አጠር አድርገው፣ ገና የመዋጮ ጉዳይ አለብን» ብለውኛል። እኔም ከመዋጮ በፊት መናገሬ ደስ ብሎኛል። ከመዋጮ በኋላ የሚሰማ የለም። (ሳቅ)

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው። እዚያ ያስተማሩን በብዛት ስለ ላም፣ ስለ በግ፣ ስለ ፈረስ ነው። እዚህ ሠፈር ከገባሁ ወዲህ ግን በሬን የሚያንኳኳው የውሻ ጉዳይ ሆኗል። እውነት አይደለም? እዚህ አካባቢ ቤቱ ጣሪያ ሳይለብስ ውሻው ይገባል። መብራት ሳይገባ ውሻ ይገባል። ሌባው ብዙ፣ መንገዱ ጨለማ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?

ዛሬ የተጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። «እንቁራሪት ውሻ ትገድላለች ወይ?» ጥያቄው በዚህ ክረምት ጠንከር ያለው ሁላችሁም ስልክ ላይ በዞረው ቪዲዮ የተነሳ ይመስለኛል። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ውሻው ጉርጥ ነክሶ ይንዘፈዘፋል፣ ባለቤቱ ያለቅሳል። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ውስጥ ጉርጥ በድንጋይ የማያሳድድ ልጅ ጠፍቷል።

መልሱን አላቆየውም። እንቁራሪት ውሻ አትገድልም። ጉርጥ ታሳምማለች፤ ቡችላ ወይም ትንሽ ውሻ ከሆነም አልፎ አልፎ ልትገድል ትችላለች። እኔን ግን የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ጉርጥ የነከሰ ውሻ አረፋ ሲደፍቅ «አበደ» ተብሎ በዱላ መገደሉ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የእውነት ያበደ ውሻ አረፋ ሲደፍቅ «ጉርጥ ነክሶ ነው» ተብሎ እጅ አፉ ውስጥ መግባቱ ነው። ሁለቱም ይደርሳል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ እንስሳቷ ነው። ሁለተኛው ስለ አረፋው ነው። ሦስተኛው በዚያ ሌሊት ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

አንደኛው፤ ስለ እንስሳቷ።

አገራችን ውስጥ ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኙም። አሁን ሐምሌ ነው። ማታ ማታ ያ ለመሠረት ተቆፍሮ የቀረው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ሲያንቋርሩ ታድራላችሁ። እነዚያ በአብዛኛው እንቁራሪቶች ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ቆዳቸው እርጥብና ለስላሳ፣ እግራቸው ረጅም፤ ስትጠጓቸው ተስፈንጥረው ሣር ውስጥ ይገባሉ። ውሻ ቢይዛት ወይ ይተፋታል፣ ወይ ይበላታል። ትንሽ ለሃጭ ቢያንጠባጥብ ነው። ተኝታችሁ እደሩ።

ጉርጥ ግን ሌላ ናት። ወፈር ያለች፣ እግሯ አጭር፣ ቆዳዋ ደረቅና ጉብታ ጉብታ ያለው። አትስፈነጠርም፤ እንደ ነገሩ ዘለል ዘለል ትላለች። ማታ የበር መብራት ሥር ተቀምጣ የምታገኟት እሷን ነው። ለምን መብራት ሥር? መብራቱ የእሳት ራትና ጥንዚዛ ይሰበስባል። እሷ ደግሞ እራቷ መጣላት ማለት ነው።

ከዓይኖቿ ኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ አበጥ ያለ ነገር አለ። መርዙ ያለው በብዛት እዚያ ነው። እጢ ነው። ሰዎች «ትተፋለች»፣ «ትረጫለች» ይሉኛል። ተነስታ ሰው ላይ አትረጭም። ውሻው ሲነክሳት እጢው ይጨመቅና ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ የውሻውን ድድና ምላስ ይነካል፤ በዚያው ወደ ደም ይገባል። ውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር አለበት። ዋናው ልብ ላይ የሚሠራው ነው። ከመካከላችሁ የልብ ሕመም ያለበት ዘመድ ያላችሁ ዲጎክሲን የሚባለውን መድኃኒት ታውቁ ይሆናል። የጉርጥ መርዝ ልብ ላይ የሚሠራው ከዚያ ጋር በተመሳሰለ መንገድ ነው። በልኩ ሲሆን መድኃኒት፣ ሲበዛ የልብን ምት የሚያዛባ።

«እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» እንል የለ? ጉርጥ የእውነት ትነፋለች። እባብ ወይም ውሻ ሲመጣባት አየር ትስብና ትወጠራለች፣ በአራት እግሯ ቆማ ትልቅ ትመስላለች። ግን አትሰነጠቅም። ውሻውም በዚህ ጊዜ ነው የሚናደደው። ይጮህባታል፣ ይዞራታል፣ በመጨረሻ ይነክሳታል። እሷ አልነካችውም። እሱ ነው ፈልጎ የሄደው።

ታዲያ የቪዲዮው ውሻ ለምን ያን ያህል ተጎዳ? የዚያች ጉርጥ አገር ሌላ ነው። የሸንኮራ አገዳ ጉርጥ ትባላለች። ትውልዷ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ሰዎች መቶ ያህሉን ከሃዋይ አምጥተው ኩዊንስላንድ ውስጥ አራቧት። ለምን? የሸንኮራ አገዳ ማሳቸውን ጥንዚዛ ይበላባቸው ነበር። «ጉርጧ ጥንዚዛውን ትበላልናለች» አሉ። ጥንዚዛው እዚያው አለ። ጉርጧ ግን አገሩን ወረሰችው። የምትበላውን ሁሉ እየበላች፣ እሷን የሚበላውን ብዙውን እንስሳ እየገደለች በሚሊዮኖች ተራባች። ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ፍሎሪዳም አለች። አሪዞና በረሃ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትልቅ መርዘኛ ጉርጥ አለች። በእነዚያ አገሮች ጉርጥ የነከሰ ውሻ ቶሎ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ባለቤቱ ቢያለቅስ እውነቱን ነው።

የእኛዎቹ እነሱ አይደሉም። መርዛቸው ከዚያኛው ጋር ዘመድ ነው፤ ጉርጦቹ ግን ያነሱ ናቸው፣ የሚወጣውም መርዝ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትልቁ የግቢ ውሻ በብዛት አረፋ ደፍቆ፣ አስመልሶት፣ ተጨንቆ ያልፍለታል። ሊጠነቀቅ የሚገባው ቡችላ ያለው ሰው ነው። ያቺን ሶፋ ላይ የምትተኛ ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ነው። ያረጀ ወይም ልቡ የታመመ ውሻ ያለው ሰው ነው።

ወደ ሁለተኛው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ሊቀ መንበራችን ሰዓት እያዩ ነው፤ አላበዛም። ውሻና እንቁራሪት ሲነሳ እኔን ትዝ የሚለኝ መርዙ ሳይሆን ጋምቤላ ነው። የጊኒ ዎርምን ታውቁታላችሁ? ከሰው እግር ቆዳ ሥር የሚወጣው ረጅም ትል። በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም 3.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ያሠቃይ ነበር። ዛሬ በዓመት የሚያዘው ሰው በጣት ወደሚቆጠር ወርዷል። መድኃኒት ተገኝቶለት አይደለም፤ ውሃ በማጣራትና በትምህርት ነው። ነገሩ አለቀ ሲባል ትሉ ውሻ ላይ ተገኘ። ቻድ ውስጥ በብዛት፣ እኛ ጋ ጋምቤላ ውስጥ በውሻና በዝንጀሮ ላይ። ቻድ ውስጥ ሲመረመር የትሉ እጭ እንቁራሪት ሥጋ ውስጥም ተገኝቷል። እንቁራሪቷን የበላ ውሻ እጩን አብሮ ይውጣል ማለት ነው። ይህ የቆላ፣ የኩሬ አገር ጉዳይ ነው። እዚህ ደጋ ላይ አያሳስባችሁ።

እሺ፣ ሁለተኛው። አረፋው።

አንድ ክረምት ነው። ሌሊት ስልኬ ጮኸ። «ዶክተር፣ ቶሎ ድረሱልን፣ ውሻው አበደ!» ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ቤቱ ቅርብ ነው፣ ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቷም እዚሁ ተቀምጣለች። (ሳቅ) በሩ ላይ ስደርስ አራት አምስት ጎረምሳ ዱላ ይዞ ቆሟል። አንዱ የብሎኬት ስባሪ አንስቷል። ውሻው ግቢው ጥግ አረፋ ይደፍቃል፣ ራሱን ያራግፋል፣ አፉን ሣሩ ላይ ይፈትጋል። እሷ «ማታ ፍርፋሪውን ጥርግ አድርጎ በልቶልኛል፣ ምን ነካብኝ?» እያለች ታለቅሳለች።

እኔ ቆም አልኩና ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ። እናንተም ያዙልኝ።

መቼ ጀመረው? «አሁን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።»

ትናንትና ከትናንት ወዲያ እንዴት ነበር? «ደህና። ሲበላ፣ ሲጫወት።»

ተከትቧል? ገብታ ካርዱን አመጣች። ዘንድሮ ተከትቧል።

ዞር ብዬ የበሩን መብራት ሳይ ጉርጧ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ምንም እንዳልተፈጠረ። ጎረምሶቹን «ዱላውን አስቀምጡና ውሃ አምጡልኝ» አልኳቸው። ውሻውን አጠብነው። በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ ጮኸብኝ። ምስጋናው ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙኝ። ይህኛው አያስቅም።

አንድ ወጣት ነው፣ ሌላ ሠፈር። ውሻው አገጩ ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ውሃ እየፈለገ መዋጥ አቃተው። ልጁ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነው» ብሎ እጁን ከተተ። ፈለገ፣ አጥንት የለም። እኔ ስደርስ የእጁን ጭረት አየሁ። ውሻው መቼ ጀመረው? «ሦስት ቀን ሆነው። መጀመሪያ አልጋ ሥር ተደበቀ። ከዚያ ምግብ ተወ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።» ተከትቧል? «ኧረ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።»

ያን ጊዜ ሆዴ ተላወሰ። ልጁን እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አስታጠብኩና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሰደድኩት። ውሻው ሞተ። ናሙናው የድሮዎቹ ሰዎች ዛሬም ፓስተር ወደሚሉት የምርመራ ተቋም ተላከ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ክትባቱን ሳያቋርጥ ስለጨረሰ ዛሬ ደህና ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል። ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ ነው የሚመጣው። እኛ አገር ይህ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ልዩነቱን አያችሁት? የጉርጥ ነገር በደቂቃ ይጀምራል። ማታ ደህና የነበረ ውሻ፣ ዝናብ፣ መብራት፣ ድንገት አረፋ። ድዱ ቀላ ይላል። አፉን ያሻሻል፣ ያስመልሰዋል። የእብደት በሽታ ግን በቀናት ነው። አስቀድሞ ጠባይ ይለወጣል። ተጫዋቹ ይደበቃል፣ ዝምተኛው ይናከሳል፣ ድንጋይና እንጨት ያኝካል። ድምፁ ይሻክራል፣ አገጩ ይወድቃል። ለሃጩ የሚዝረበረበው መዋጥ ስላቃተው ነው። ካልተከተበና እንዲህ ከሆነ አትንኩት። በሩን ዝጉበት፣ ልጆችን አርቁ፣ ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፌጦ፣ ቃሪያ፣ አመድ፣ ቡና ቁስል ላይ አታድርጉ። እባካችሁ።

ሦስተኛ ዓይነት አረፋም አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙት ሰዎች ተባይ ማጥፊያ ይረጫሉ። ማላታይንም አለ፣ ሌላም አለ። ውሻው የተረጨውን ከላሰ ለሃጩ ይወርዳል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡንቻው ይርገፈገፋል፤ የዓይኑ ብሌንም ጥብብ ትላለች። ይህ ከጉርጥ የከፋ ነው። ውሃ ብቻ አይበቃውም፤ ሐኪም የሚወጋው መድኃኒት አለ፣ ግን ቶሎ ነው። የውሻ ሞት ከተነሳ እኔ ከጉርጥ ይልቅ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ለአይጥ የተጣለ መርዝም እንደዚያው።

ሦስተኛው፤ ምን እናድርግ?

ጉርጥ መሆኑን ካወቃችሁ፣ ውሻው ከተከተበ፣ የምታውቁት የራሳችሁ ውሻ ከሆነ፣ አፉን እጠቡት። ውሃችን በፈረቃ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ በክረምት አንድ ሙሉ ጀሪካን በር ላይ ይቀመጥ። የውሻውን ራስ ወደ መሬት ዘንበል አድርጉ። ውሃውን ከጎን፣ በጉንጩ በኩል አፍስሱ፤ በሌላው በኩል ይውጣ። ወደ ጉሮሮው አታፍስሱ። ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ በሽታ ፈጠራችሁ። ይህን 10 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ድዱንና ምላሱን ጥረጉ፤ ጨርቁን እያጠባችሁ። እጃችሁ ላይ ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ፌስታል።

ወተት አታጠጡ! ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው እናቶቼን ስለማውቅ ነው። መርዝ ሲባል ወተት ትሮጣላችሁ። ወተት የጉርጥን መርዝ አያከሽፍም። በግድ የተጋተ ወተት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ዘይትም፣ ሎሚም፣ እንቁላልም እንደዚሁ። ለማስመለስም ጣት አትክተቱ። ውሃ ብቻ።

ከዚያ እዩት። አረፋው እየቀነሰ፣ ጅራቱን መቁላት ከጀመረ አልፎለታል። መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ መውደቅ፣ ትንፋሽ ማጠር ካመጣ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ለጉርጥ መርዝ እኛ ጋ የሚገኝ ማርከሻ የለም፤ ሐኪሙ የሚያክመው ምልክቱን ነው። ለመንቀጥቀጡ ዲያዜፓም አለ። የልብ ምቱ ከዘገየ አትሮፒን ሊሰጥ ይችላል። ግን ውሻው መድረስ አለበት። ሌሊት ባጃጅ ውሻ አይጭንም፤ ሞክሬዋለሁ። መኪና ያላችሁ ጎረቤቶች ከወዲሁ ተነጋገሩ። ለቅሶ ላይ የምንደርስ ሰዎች ለውሻ መድረስ ያቅተናል?

መከላከሉ ደግሞ ቀላል ነው። የማያስፈልግ መብራት አጥፉ፣ ወይም መብራቱን ውሻው ከሚያድርበት አርቁት። የውሻውን ሳህን ማታ አንሱ፤ ትራፊው ዝንብና ጥንዚዛ ይጠራል። የመጠጫ ውሃውን ጠዋት ድፉና ቀይሩ፤ ጉርጥ ገብታበት ልታድር ትችላለች። ሙጃውን እጨዱ። የተረፈውን ጣውላና ብሎኬት አጥር ሥር አትከምሩ፤ ቀን የምትተኛው እዚያ ነው።

አሁን ጥያቄ ካለ እሰማለሁ። አዎ፣ እትዬ?

እትዬ የሚጠይቁት «ልጅ ቢነካትስ?» ነው። ቆዳውን ብትነካው አትገድለውም። እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ዓይኑን ካሸ ያቃጥለዋል። እንዳይጨምቃት፣ አፉ እንዳያስገባት። በድንጋይ የሚያሳድዱትን ደግሞ ተቆጡልኝ።

ድመትስ? ድመት መራጭ ናት፤ ከነከሰችም ያው ውሃ ነው። ግን ድመት ስታጥቡ ለራሳችሁ ፊት ተጠንቀቁ። (ሳቅ)

ጋሼ ከኋላ «ታዲያ ለምን አንድ ጊዜ መድኃኒት ረጭተን አናጠፋቸውም?» ይላሉ። ጋሼ፣ የሚረጨው ያው ቅድም ያልኩት ነው። ጉርጧ ስትሞት ትንኙና ጥንዚዛው ይቀራል፤ የተረጨውን ሣር ውሻዎ ይልሳል፣ ዶሮዎ ይለቅማል፣ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱን መድፈን ይሻላል። የሠፈሩን ጎረምሶች ሰብስበን አንድ ቅዳሜ ብንወጣ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሊቀ መንበራችን አጀንዳ ላይ ያስይዙልን።

የክትባቱን ጉዳይ ልናገርና ልቀመጥ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ። «ከግቢ አይወጣም» አትበሉኝ፤ አጥር የሚዘል ሌላ ውሻ አለ። ብዙ ሆነን ከጠራን የሚከትቡት ሰዎች ሠፈር ድረስ ይመጣሉ። የእድሩ ጸሐፊ እዚያ ጋ ደብተር ይዘዋል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስንት ውሻ እንዳላችሁ። ስም ያልኩት የእናንተን ነው፤ ባለፈው ዝርዝር ላይ «ጃክ፣ ቡቺ፣ ጃክ፣ ጃክ» ተብሎ ተጽፎ የማን ውሻ እንደሆነ ሳናውቅ ቀርተናል።